መምህር ፈንታሁንና ያንቀላፉት መጋዞች

በየሰፈሩ የሞተ ዕቃ አይቶ ማለፍ የማይሆንለት አንድ ወንድ አይጠፋም። አንዱ ሬዲዮ ይሰበስባል፤ አንዱ የግድግዳ ሰዓት፤ ሌላው ደግሞ ድምፅ እንጂ ምስል የማይወጣው ቴሌቪዥን። ሰው ሁሉ «ተበላሸ» ብሎ የወረወረውን እሱ «ደክሟት ነው» ብሎ አቅፎ ወደ ቤቱ ይገባል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው የምታገባ ሴት ቤቷን ከባሏ ጋር ብቻ ሳይሆን ከባሏ ሕሙማን ጋርም እንደምትካፈል በሽምግልናው ቀን ማንም አይነግራትም።

ለደብረ ታቦሯ ልብስ ሰፊ ለእቴነሽም የነገራት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ስለ ፈንታሁን የተናገሩት «ጨዋ ነው፣ አይጠጣም፣ መምህር ነው» ብቻ ነበር። ሦስቱም እውነት ነው። መምህር ፈንታሁን ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ከአፉ ክፉ ቃል አይወጣም፤ ከአረቄ የራቀ ነው። የያዘው አመል ግን ከመጠጥም የባሰ ነው ትላለች እቴነሽ፤ ጠጪ ቢያንስ ጠርሙሱን ውጭ ትቶ ይገባል። የእሷ ባል አሮጌ የሞተር መጋዝ ይሰበስባል። ያ ባሕር ዛፍ ቆራጮች ትከሻቸው ላይ አድርገውት የሚዞሩት፣ ሲነሣ መንደሩን የሚያደነቁረው መጋዝ ማለት ነው። እሱ የሚሰበስበው ግን የማይነሣውን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ፈንታሁን ገሳይ ወደምትባለው ከተማ ለቅሶ ሊደርስ በሄደ ቀን ነው። ከለቅሶው ቤት ጎን ደምሴ የሚባል እንጨት ነጋዴ ይኖራል። በደምሴ ግቢ፣ የዶሮ ቆጥ ሥር፣ ቀለሟ የለቀቀ ቀይ መጋዝ ተጋድማ አየ። አንዲት ዶሮ እጀታዋ ላይ ጉብ ብላለች።

«ይህቺ ምን ሆና ነው?» አለ ፈንታሁን።

«ሞታለች፣ መምህር። ከሞተች ቆየች።»

ፈንታሁን ተንበረከከ። የማስነሻ ገመዷን ሳብ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ። «ሞተር አይሞትም፣ ደምሴ። ያንቀላፋል እንጂ።»

«እንግዲህ የሚቀሰቅሷት ከሆነ ይውሰዷት» አለ ደምሴ የለቅሶ ፊቱን ሳይለውጥ። «ዶሮዋን ግን እርስዎ ያስነሡልኝ፤ እኔን ትነክሰኛለች።»

ፈንታሁን መጋዟን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አስደግፎ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። አንዲት ደግ ሴት ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁለት።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆና ነው?» አሉት ጥቅሉን እያዩ።

የፈንታሁን ሐሳብ ሁሉ ሞተሩ ላይ ነበር። «መተንፈሻዋ ተደፍኖ ነው፣ እናቴ።»

«እግዚኦ! ጠበልስ ሞክራችኋል?»

«የለም፤ ቤት ስንደርስ ትንሽ ቤንዚን አጠጣታለሁ።»

ከጎኑ ያለው ወንበር ሲለቀቅም ሴትዮዋ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ቆመው ሄዱ። ይህን ለእቴነሽ ያወራላት ራሱ ፈንታሁን ነው፤ ምኑ እንደሚያስቅ ግን እስከ ዛሬ አልገባውም።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ተዛመተ። ደጋው ሁሉ ባሕር ዛፍ በሆነበት አገር መጋዝ በየቀኑ ይሞታል፤ የሚቀብረው ሰው አልተገኘም ነበርና ሁሉም ወደ መምህር ፈንታሁን ይልክ ጀመር። ከሐሙሲት በሚኒባስ ጣሪያ፣ ከእብናት በእህል ጭነት መካከል «ለመምህር ይድረስ» እየተባለ መጣ። እሱም በመጡበት አገር ስም ያወጣላቸዋል። የገሳይዋ ገሳይት ናት፤ የሐሙሲቷ ሐሙሲት። ከእብናት የመጣችው ትልቋና ከባዷ ግን ዕድሜዋን አክብሮ «እመት እብናት» ይላታል። ገሳይት አልጋ ሥር፣ ሐሙሲት ከበሩ ኋላ ተቀመጡ። እመት እብናት የእቴነሽ ስፌት መኪና ሥር ቦታ ስለተሰጣት እቴነሽ ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር ጣቷ ከሰንሰለት ጥርስ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል።

የእነዚህ ሁሉ ሕመም ደግሞ በፈንታሁን ዘንድ አንድ ነው። አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸትታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ «ካርቡሬተሯ ነው» ይላል። ቀስ በቀስ ይህ ምርመራ ከመጋዝ አልፎ ሄደ። መብራት ሲጠፋ ካርቡሬተሩ ነው። ርእሰ መምህሩ ሲቆጡ ካርቡሬተራቸው ነው። እቴነሽ ራሷን አሟት ሻሽ ጠምጥማ የተኛች ዕለት አጠገቧ ቁጭ ብሎ በሐዘን ሲያያት ቆየና አፉን ሊከፍት ሲል «እንዳትላት!» አለችው። አላላትም፤ ግን ሲያስባት አይታዋለች።

የሚገርመው ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ዛፍ ቆርጦ አያውቅም። ለቤቱ ማገዶ ሲመጣ የቀን ሠራተኛ በምሳር ይፈልጣል፤ እሱ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የመጋዝ ካንዴላ ይወለውላል። ጎረቤታቸው ትዝታ አንድ ቀን በአጥር ላይ ብቅ ብላ «እትዬ እቴነሽ፣ ይኼ ሁሉ መጋዝ ባለበት ቤት እንጨት በምሳር?» አለቻት።

«ታመው ነው» አለች እቴነሽ። ከአፏ ካመለጣት በኋላ በራሷ ተናደደች።

የማኅበሩን ቀን ግን በቀላሉ አትረሳውም። ወሩ የእነሱ ተራ ነበር። ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ፣ መሪጌታ ባዩ ጸሎት አድርሰው፣ ጠላው መቀዳት ጀመረ። መሪጌታ ከዋንጫው አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና ቆም አሉ። ሌላው ሰውም ጎንጨት ብሎ ቆመ። መሪጌታ ባዩ በሰው ቤት ነውር የማያወሩ ትልቅ ሰው ናቸው።

«እቴነሽ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጠላሽ ዘንድሮ ጉልበት አለው።» ቀጥለውም አጠገባቸው ወደተቀመጠው ሰው ዘወር ብለው በለሆሳስ «እስቲ ሻማውን ወዲያ አርቀው» አሉት።

ፈንታሁን ጠዋት በጠላው ማንቆርቆሪያ ቤንዚን ሲቀዳበት አርፍዶ ኖሯል። እንግዳው ከሄደ በኋላ እቴነሽ ስትጮህበት ያቀረበው መከላከያ አንድ ብቻ ነበር፦ «ዘይት ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ቤንዚን እኮ ነው፣ እቴ።» በዚያን ቀን ነው «ወይ እኔ፣ ወይ መጋዞቹ» ያለችው። ፈንታሁን አንገቱን ደፍቶ በጣም አሰበበት። መጋዞቹም እሷም ባሉበት ቀሩ።

እንዲህ እንዳለ የቡሄ ሰሞን ደረሰ። ከጉና ተራራ በኩል የተነሣ ንፋስ ሲያጓራ አድሮ፣ ሲነጋ ከጎረቤታቸው ከዓለምነው ግቢ «ኧረ የሰው ያለህ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ከሥሩ ተገንድሶ የላሞቹ በረት ላይ ተኝቷል። ጣሪያው ተደርምሷል፤ ዓለምነው የሚተማመንባት ጥቁር ላም ከውስጥ ታጓራለች። ግንዱ ቀስ እያለ ይሰምጣል። በጉልበት የሚነሣ አይደለም።

ከሰዉ መሀል አንዱ «መምህር ፈንታሁንን ጥሩ!» አለ። ሌላው ተቀበለው። እቴነሽ ባሏን ዞር ብላ አየችው፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል። ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ቀን መጣ። ሮጦ ገብቶ ገሳይትን በቀኝ፣ ሐሙሲትን በግራ አንጠልጥሎ ወጣ፤ እመት እብናትን ሁለት ጎረምሶች ተሸከሙለት።

ከገሳይት ጀመረ። ገመዷን ሳበ። ትርርር አለችና ዝም። ደግሞ ሳበ። ዝም። «ካርቡሬተሯ ነው» ብሎ ወደ ሐሙሲት ዞረ። የሐሙሲት ገመድ ከነመያዣው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። የላሚቱ ማጓራት ብቻ ይሰማል። ፈንታሁን ላቡን ጠረገና እመት እብናትን እግሩ መካከል አደረጋት። አንድ ሳበ፣ ሁለት ሳበ፣ በሦስተኛው ጥቁር ጭስ ተፍታ ግቢውን በአንድ እግሩ የሚያቆም ጩኸት ለቀቀች። ሴቶቹ እልል አሉ። ዓለምነው «ተባረክ!» አለ። ፈንታሁን መጋዟን ከፍ አድርጎ ይዞ ወደ ግንዱ ሄደ፤ ጥርሷ ልጡን ነከሰ፤ የእንጨት ብናኝ ቡን አለ። ወዲያው ሰንሰለቷ ከመንገዱ ወጥታ እንደ ሞተ እባብ ተንጠለጠለች። ሞተሩም አብሮ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። የዓለምነው ወንድሞች ምሳር ይዘው መጡ፤ ግንዱን እየተፈራረቁ መቱት፤ ተቆረጠ። ላሚቱ ጆሮዋን እያራገበች በሰላም ወጣች። ስታልፍ እመት እብናትን ጠጋ ብላ አሸተተቻትና አስነጠሳት። ይኼኔ የተጨነቀው ሰው ሁሉ ጭንቀቱን በሳቅ ለቀቀው።

«መምህር፣ መጋዞቹ ዛሬም አንቀላፍተዋል እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ፣ ሳቁም እንደገና ተቀጣጠለ።

እቴነሽ ይህን ሳቅ ስንት ዓመት ጠብቃዋለች። ልትስቅም አፏ ከጅሎ ነበር። ነገር ግን የባሏ ጆሮ እስከ ጫፉ ሲቀላ አየች። ሳቁ አፏ ላይ ቀረ። የተናገረውን ሰው እስኪያቀረቅር ድረስ አፈጠጠችበት፤ ከዚያም ሄዳ ገሳይትን ከጭቃው አነሣችና በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ብብቷ ሥር አደረገቻት።

ፈንታሁን በማግስቱ ጋሪ ጠራ። መጋዞቹን አንድ በአንድ እያወጣ ጫነ። «ወዴት ነው?» ስትለው «ሙላቴ ጋ» አላት። ሙላቴ ከመናኸሪያው በታች ቁርጥራጭ ብረት እየሰበሰበ ወደ ባሕር ዳር የሚልክ ነጋዴ ነው። እቴነሽ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ ጋሪው ከበር ሲወጣ አየችው። እግሯን ዘርግታ ፔዳሉን ረገጠች። ምንም አልነከሳትም።

ቤቱ ጸዳ። የአልጋው ሥር ታየ። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት፤ እሷም «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለች። የተረሳ አንድ ነገር ግን ነበር፦ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ፈንታሁን ቤት ይውላል፣ የፈንታሁን እጅ ደግሞ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

በመጀመሪያ የፈታው የበሩን ቁልፍ ነው። ምን ሆነ ስትለው «ሲዞር ቅር ይለዋል» አላት። ቀጥሎ ካውያውን ፈታ። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ፈታና በሽቦ ጫፍ እየጠቆመ በምሳ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ አስረዳት፤ ምሳ ግን አልነበረም። ጳጉሜን ሲገባ፣ የእንቁጣጣሽ ቀሚስ ያዘዘ ሰው በሩን ሲያንኳኳ በሚውልበት ሰዓት፣ እቴነሽ ከገበያ ተመልሳ ስፌት መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ በሳህን በሳህን ተደርድራ አገኘቻት።

«ምን ብላህ ነው የፈታሃት?» አለችው ዘንቢሏን ሳታወርድ።

«ድምፅዋ አላማረኝም» አለ ፈንታሁን በጣም በትሕትና።

እስኪመሽ ገጠማት። ትንሽ ብሎን ተርፋ ኪሱ ገባች። መኪናይቱ ትሰፋለች፤ ግን ወደ ኋላ ብቻ። የትዝታን ቀሚስ እቴነሽ ከጫፉ ጀምራ ወደ አንገቱ ሰፋችው። እንባዋ ይወርድ ነበር፤ በኋላ ግን ራሷን ስትስቅ አገኘችው።

ከዚህ በኋላ ነው ፈንታሁን ማምሸት የጀመረው። ከሰዓት በኋላ ይወጣል፤ «ስብሰባ አለ» ይላል።

«ትምህርት ቤቱ ዝግ አይደል? የማን ስብሰባ ነው?»

«የ... መምህራን» ይላል ጫማውን እያሰረ።

ሲመለስ ፊቱ ፈካ ብሏል። ይህ ባልከፋ። ያስደነገጣት ሌላ ነገር ነው፦ ሳሙና ይሸታል። ቤንዚንና ዘይት ሲሸት የኖረ ሰው እስከ ክርኑ ድረስ በጥሩ የሽቶ ሳሙና ታጥቦ ይገባል። እቴነሽ ሞኝ አይደለችም። ወንድ ልጅ ከቤት ሲወጣ ሳይሆን ወደ ቤት ሲመለስ ከታጠበ ነገር አለ። ትዝታም ብትሆን አላሳረፈቻትም፦ «እትዬ፣ መምህርን ከመናኸሪያው ወዲያ አየኋቸው። ብቻቸውን እየሄዱ ፈገግ ይላሉ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ያካፋ ነበር። ፈንታሁን «ስብሰባ» ብሎ ወጣ። እቴነሽ ጥሩዋን ነጠላ ለበሰች፣ ጥላዋን ያዘች፣ ተከተለችው። ቁልቁለቱን እየወረደች ለዚያች ሴት የምትናገረውን በልቧ ታዘጋጃለች። መጀመሪያ ልትሰድባት አሰበች። መናኸሪያው ጋ ስትደርስ ልትለምናት አሰበች። ከዚያ አለፍ ስትል ደግሞ ምንም ማሰብ አቃታት። ይህን ሰው ያጣችው እንደሆነ ቤቱ ውስጥ ምን ይቀራል? ንጹሕ ወለል።

ፈንታሁን አንድ የቆርቆሮ አጥር በር ከፍቶ ገባ። እቴነሽ በሩ ላይ ቆመች። ከውስጥ የባሏ ድምፅ መጣ፤ ባጫት ጊዜ የሰማችው ዓይነት የለሰለሰ ድምፅ።

«አይዞሽ የኔ ዓለም። ትናንት እኮ ተስፋ ሰጥተሽኝ ነበር። ቀስ ብለሽ...»

በሩን በጥላዋ ወግታ ከፈተችው።

ፈንታሁን በተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ እመት እብናት። ከግራው ሙላቴ የዘይት ቆርቆሮ ይዟል። ከቀኙ ደግሞ ዓለምነው፣ ያው የላሚቱ ባለቤት፣ ሰንሰለቷን በሞረድ ይሞርዳል። ዙሪያቸውን ገሳይት፣ ሐሙሲትና የቀሩት ሁሉ ተደርድረዋል። ሦስቱም ወንዶች ወጥ ሲሰርቁ እንደተያዙ ልጆች ተነሡ። ፈንታሁን ካቻቢቴውን ከጀርባው ደበቀ።

«እቴ...» አለ፣ «ስብሰባ ላይ ነን።»

«አዎ፣ ስብሰባ ነው» አለ ዓለምነው በፍጥነት።

«የመምህራን?» አለች እቴነሽ።

ዓለምነው ሞረዱን አየው፤ ሙላቴ የዘይት ቆርቆሮውን አየው።

እቴነሽ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ሌላ ሴት ይዘሃል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ፈንታሁን እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ሙላቴን አየ፣ ዓለምነውን አየ፣ ወደ እሷ ተመለሰ። «ሌላ ሴት? ኧረ እቴ! ማን ናት እኔን የምትችለኝ?»

እቴነሽ ጥያቄውን በትክክል አሰበችበት። «እሱስ እውነትህን ነው» አለች።

ሙላቴ ነው ጉዳዩን የዘረዘረላት። መጋዞቹን ሊጭናቸው ብሎ አንዱ መኪና መጣና ሄደ፤ ሌላውም መጣና ሄደ። መምህር በየቀኑ «ልያቸው ብዬ ነው» እያለ ብቅ ሲል እንዴት ያስጭናቸው? ዓለምነው ደግሞ በበረቱ ምክንያት ስለተሳቀበት ሰው ሌሊት ሲያስብ ከርሞ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ፤ ከዚያም ሞረድ ጨብጦ ቀረ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ባሏን።

ፈንታሁን ካቻቢቴውን ከጀርባው አውጥቶ እጁ ላይ አገላበጠው። «ወለሉን ጠርገሽ ቁጭ ብለሽ ስታዪው አየሁሽ። ደስ ብሎሽ ነበር። ደስታሽን ላበላሽ አልፈለግሁም።» ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተና ጨመረ፦ «መኪናሽን የፈታኋት ጊዜ ቤት መዋል እንደሌለብኝ ገባኝ። እዚህ ማንንም አላስቸግርም። ስወጣም በደንብ እታጠባለሁ።»

እቴነሽ ዙሪያውን ቃኘች። ባሏ የተቀመጠበት በርሜል ጭቃ ላይ ነው፤ ከላይ ያለው ቆርቆሮ ያፈስሳል፤ የኮቱ ትከሻ ርሷል። በዚህ ብርድ ከሰዓት ከሰዓት እዚህ ሲቀመጥ ሰንብቷል፤ እሷ ንጹሕ ወለል እንድታይ። ከጎማው ላይ ተነሣችና ነጠላዋን አራገፈች።

«ሙላቴ፣ ጋሪ ጥራልኝ።»

«ለማን፣ እትዬ?»

«ለማን ይመስልሃል? እነዚህን ዝናብ ላይ አሳድራችሁ ልታዝጓቸው ነው? አንተስ ምን ቆመሃል?» አለች ወደ ባሏ ዞራ። «ትልቋን ከታች አድርጋት፤ ትንንሾቹን ትጫናቸዋለች።»

ጋሪው መጣ። ፈንታሁን ከዓለምነው ጋር ተሸክሞ ጫናቸው።

ጋሪው ዳገቱን ሲይዝ ዝናቡ በረታ። ጋሪ ነጂው ፊት ፊት፣ ፈንታሁን በአንድ በኩል እየገፋ፣ እቴነሽ በሌላው በኩል እየተራመደች ይወጣሉ። መናኸሪያው ጋ የተጠለለ ሰው ሁሉ አያቸው። አንዲት የምታውቃት ሴት ከጣሪያ ሥር ሆና «እቴነሽ፣ ደግሞ ይኼ ምንድን ነው?» ብላ ጮኸችባት።

«የቤታችን ዕቃ ነው!» አለች እቴነሽ ሳትቆም።

ፈንታሁን በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ጸጉሯ ተጣብቋል፤ ከግንባሯ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ጥሩዋ ነጠላ በስብሳለች። እሱም እስከ ካልሲው ርሷል። ጥላውን ግን እቴነሽ በሁለት እጇ ይዛ፣ ክንዷን እስከ ጫፍ ዘርግታ፣ መጋዞቹ ላይ ዘርግታዋለች። ፈንታሁን መጋዞቹን ዝናቡ እንደማይጎዳቸው ሊናገር አስቦ፣ በትዳር ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን አመዛዝኖ ተወው፤ ጋሪውንም ጠንከር አድርጎ ገፋ።